የግራ ትከሻ ሰላምታ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወንዶች ተገናኝተው ትከሻ ለትከሻ ሰላም ሲባባሉ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ፊታቸው አይሄድም። የትኛውን ትከሻቸውን እንደሰጡ ነው የማየው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይም፣ ሴቨን ኮርነርስ ገበያ ውስጥም ቆሜ አያለሁ። ሰው ሲያየኝ ደግሞ አፍሬ መንገዴን እቀጥላለሁ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ያደግሁት እስቴ፣ አያቶቼ ዘንድ ነው። አባቴ በዲቪ አሜሪካ የገባው እኔ ገና ሕፃን እያለሁ ነበር። እዚህ ሌላ ትዳር ያዘ፣ ልጅም ወለደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ፕሮሰሱ አልቆ እኔን ሲያመጣኝ ያ ልጅ፣ ወንድሜ ኪሩቤል፣ በቁመት በልጦኝ ኤርፖርት ጠበቀኝ። "ሃይ" አለኝ። እኔም "ሃይ" አልኩት። ለብዙ ወራት ከዚያ የራቀ ወሬ አልነበረንም።

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። አባቴ ፓርኪንግ ይሠራል። የኪሩቤል እናት እትዬ ገነት ምግብ ቤት ይሠራሉ። እኔ ክሪስታል ሲቲ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ሥራዬን የምወደው ሰው ከወጣ በኋላ የሚሠራ ስለሆነ ነው። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ሱፐርቫይዘሬ ስሜን ስትጠራ እንኳ ልቤ ይመታል። ከሰው ጋር ስቆም ፊቱን ማየት ስለሚከብደኝ እጁን ወይም ትከሻውን አያለሁ።

ኪሩቤል ቤዝቦል ይጫወታል። ወርዋሪ ነው። መሐል ሜዳ ጉብታ ላይ ይቆምና ዱላ ወደያዘው ልጅ ኳሷን ይወረውራል። እሱ እስኪወረውር ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ ሳይ ይህ ነበር የገረመኝ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ልጅ ላይ ሲያፈጥ እሱ ማስቲካውን ያኝካል። እኔ ብሆን እዚያው እወድቅ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እትዬ ገነት "ብቻውን በሜትሮ አይሄድም" ስላሉ አድራሹ እኔ ሆንኩ። መንገዱን የሚያውቀው እሱ፣ እንግሊዝኛውን የሚያውቀው እሱ። እኔ ግን አድራሽ ነኝ። ባቡሩ ውስጥ እሱ ፊት ይቀመጣል፣ እኔ ከኋላው።

"ዘቢ፣ ማን ናት ካሉኝ ከዝን ናት እላቸዋለሁ፣ ኦኬ?" አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

"እህትህ አይደለሁም እንዴ?"

"ነሽ፣ ግን ሎንግ ስቶሪ ነው" አለና የሙዚቃ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ።

አሰልጣኙ ሚስተር ዋልተር ይባላል። ሽማግሌ ነው። ቀኝ ክንዱ ክርኑ ላይ እንደታጠፈ ቀርቷል፤ አይዘረጋም። ሰው የሚጨብጠው በግራ እጁ ነው። ይህ ክንድ ምን አግኝቶት ይሆን እያልኩ ከአጥሩ ጀርባ ሳየው እውላለሁ። መጠየቅ ግን የማይታሰብ ነው።

ሌላም የማይገባኝ ነገር ነበር። ክንድ የሚጠነክረው ከባድ ነገር በማንሳት ይመስለኝ ነበር። ሚስተር ዋልተር ግን ልጆቹን መጀመሪያ ያስሮጣል። ከዚያ በአንድ እግር ያቆማቸዋል፣ ቁጢጥ ብድግ ያሰኛቸዋል። ቀጥሎ ኳስ ሳይዙ ፎጣ ጨብጠው የመወርወር ልምምድ ያደርጋሉ። ኳሷን የሚነኩት መጨረሻ ላይ ነው።

"ለምንድነው እግር የምትሠሩት?" አልኩት ኪሩቤልን አንድ ቀን ባቡር ስንጠብቅ።

"ፓወሩ ከእግር ነው የሚመጣው። እግር ካልሠራ ክንድ ብቻውን ይሠራል። ከዛ ይጎዳል።"

በማግስቱ ሆቴል ውስጥ ፍራሽ ሳነሳ ይህን አስቤ ጉልበቴን አጠፍ አደረግሁ። እውነትም ወገቤን ቀለለኝ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ በዛ። እሱም መመለስ ደስ አለው መሰለኝ፣ ጆሮው ላይ የሚሰካውን ነገር ማውጣት ጀመረ።

ከሁሉ የወደድኩት ላስቲኩን ነው። ቀጭን ረጅም ላስቲክ አጥር ላይ ያስሩና ክርናቸውን ጎናቸው ላይ ለጥፈው ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ ቀስ እያሉ ይስባሉ። ትከሻ ውስጥ ትልቁን የክንድ አጥንት ቦታው ላይ የሚይዙ ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ፤ ላስቲኩ ለእነሱ ነው አለኝ ኪሩቤል። ቤት ደግሞ በየቀኑ መሥራት አለበት። አንድ ቀን የፍሪጁ እጀታ ላይ አሰረው። ሲስበው ፍሪጁ ተከፈተና የእትዬ ገነት የሽሮ ድስት ወለል ላይ ፈሰሰ። ከዚያ "ዘቢ፣ አንቺ ያዢልኝ" አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ከሥራ ስመለስ የአፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ ሌላውን እሱ ይስባል። ዝም ብዬ ቆሜ በላስቲኩ በኩል ክንዱ ይሰማኛል። ሲበረታ እጄን ይጎትተዋል። ሲደክመው ላስቲኩ እንደመንቀጥቀጥ ይላል። በአፍ ብዙ ሳናወራ ብዙ ያወራን ይመስለኝ ነበር።

ሩዙን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጣትና ክንድ ለማጠንከር ወርዋሪዎች ሩዝ የሞላ ባልዲ ውስጥ እጃቸውን ከትተው ይጨብጣሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ያሻሉ። ኪሩቤልም ባልዲውን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደብቆ ነበር። የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ታዲያ አባቴ የማኅበር ተራ ደርሶት እንግዳ የተጠራ ቀን እትዬ ገነት ሩዝ ያልቅባቸዋል። ልብስ ሊሰቅሉ ቁም ሣጥኑን ሲከፍቱ ባልዲ ሙሉ ሩዝ! "ልጄ አስቦልኝ" ብለው በካሮት ሠሩት።

ማዕዱ ሲቀርብ ኪሩቤል ሳህኑን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ዘቢ፣ እጄን እየበሉት ነው" አለኝ። ሳቄን መያዝ ስላልቻልኩ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። እሱም ተከተለኝ። ውጭ የአባቴ የሥራ ጓደኛ ጋሽ ታደሰ "ገነት፣ ይህ ሩዝ እንዴት ነው የጣፈጠው!" ሲሉ ስንሰማ ግድግዳ ይዘን ሳቅን። አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

ግን ያን ቀን ሌላም ነገር አይቻለሁ። ጋሽ ታደሰ ገና ሲገቡ ለኪሩቤል ቀኝ ትከሻቸውን ሰጡት። እሱ ግራውን አመጣ። ፊት ለፊት ሊጋጩ ጥቂት ቀራቸው።

"ምነው ጎረምሳው፣ አፍንጫዬን ልትሰብረው ነው?" ብለው ሳቁ።

ኪሩቤል አማርኛ ሲናገር ይሰለቸዋል፣ እስክስታ አይወድም። ያንን ሰላምታ ግን ይወደዋል። አባቴ ነው ያስተማረው። ትልልቅ ወንዶች ሲመጡ ቀኝ ትከሻውን ገጭ አድርጎ ይሰጣቸው ነበር። የዚያን ቀን ግን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ግራውን ሰጠ።

ከዚያ በኋላ ላስቲኩ ላላ። "ዛሬ ይቅር፣ የቤት ሥራ አለኝ" የሚልበት ቀን በዛ። ሲስብም እጄን አይጎትተውም። ሦስተኛም ነገር ነበር። የቤቱን ልብስ የማጥበው እኔ ስለሆንኩ ሁለት ዓይነት መለያ እንደሚለብስ አውቃለሁ። ሰማያዊው የሚስተር ዋልተር ቡድን ነው። ቀዩ የትምህርት ቤቱ ነው። ሁለቱም በየሳምንቱ ጭቃ ሆነው ይመጣሉ።

ሚስተር ዋልተር ጠቅ ጠቅ የሚል መቁጠሪያ በእጁ ይይዛል። ልጅ ኳስ በወረወረ ቁጥር ጠቅ ያደርጋል። የተፈቀደለት ሲሞላ እያሸነፈም ቢሆን ያስወጣዋል። ከልምምድ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ልጅ አንድ ነገር ይጠይቃል። እንግሊዝኛው ቀስ እያለ ነው የገባኝ። "በሳምንቱ ሌላ ቦታ ወርውረሃል?" ነው የሚለው። ኪሩቤል አይ በሚል ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል። ቀዩ መለያ ግን በሚስተር ዋልተር መቁጠሪያ ውስጥ አልነበረም።

"ትከሻህን ያምሃል፣ አይደል?" አልኩት አንድ ምሽት ላስቲኩን እየጠቀለልኩ።

"ትንሽ። ኖርማል ነው።"

"ለሚስተር ዋልተር ንገረው።"

"ዘቢ፣ ፕሊስ! ቅዳሜ ትልቁ ጌም ነው። ከሌላ ስኩል እኔን ሊያይ የሚመጣ ሰው አለ። ዳድ ከሥራ ኦፍ ወስዷል። ከዛ በኋላ አርፋለሁ፣ እሺ? ከተናገርሽ ግን በቃ፣ አናወራም።"

እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺ ወሰደው።

ቅዳሜ ደረሰ። አባቴ ከጋሽ ታደሰ ጋር ከራባት አስሮ መጣ። ሰርግ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። የሜዳው በር ላይ ኪሩቤልን ሲያገኘው ቀኝ ትከሻውን ሰጠው። ልጁ ግራውን አቀረበ። አባቴ እየሳቀ ግራውን ተቀበለው። ሚስተር ዋልተር አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

ከጨዋታው በፊት ላስቲኩን ያዝኩለት። አንድ የቡድኑ ልጅ ወደ እኔ እያየ ማን እንደሆንኩ ጠየቀው። ኪሩቤል ኮፍያውን እያስተካከለ "ማይ ሲስተር" አለ። እንዲሁ ቀለል አድርጎ። ከሁሉ ቀን መርጦ በዚያን ቀን። ላስቲኩ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

ጨዋታው ሲጀመር ደህና ነበር። አባቴ ሕጉን ስለማያውቅ ሰው ባጨበጨበ ቁጥር ያጨበጭባል።

"አሁን አገባ?" ይላል።

"ኧረ እባክህ፣ እግር ኳስ አደረግኸው እንዴ?" ይሉታል ጋሽ ታደሰ፣ እሳቸውም ባያውቁ።

እኔ የማየው ትከሻውን ብቻ ነበር። ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ክንዱን ወደ ታች ያንጠለጥለዋል። ላቡን በግራ እጁ መጥረግ ጀመረ። ኮፍያውንም በግራው። ኳሷ ከፍ ከፍ እያለች ቀላቢው ብድግ እያለ ነው የሚይዛት። አንዴ ወርውሮ ፊቱን ወደ ሜዳው ጀርባ አዞረ። ፊቱ እንዳይታይ ነው ያዞረው። እኔም ሳለቅስ እንደዚያ ነው የማደርገው።

"አባዬ፣ ኪሩን ትከሻውን ያመዋል" አልኩ።

"ማን አለ?"

"አይቼ ነው።"

"ስፖርት አይደል፣ ያማል። እኔስ ጉልበቴን እያመመኝ አይደል የምቆመው? ተይው፣ ዛሬን እንኳ ይጫወት" አለና አጨበጨበ።

ሚስተር ዋልተር ወዳለበት ያለው መንገድ አጭር ነው። ለእኔ ግን ረጅም ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ያያል፤ እኔ ግን የሚያዩት እኔን ይመስለኛል። ብናገር ምን እንደማጣ አውቃለሁ። "ማይ ሲስተር" ያለኝ ገና ቅድም ነው። ግን እግሬ ሄደ።

"ሚስተር ዋልተር" አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ እጅጌውን ነካሁት። ዞር አለ። በቃ፣ የማውቃት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋች። ሆቴል ውስጥ በየቀኑ የምሰማቸው ቃላት እንኳ የት እንደገቡ አላውቅም። "ኪሩቤል" ብቻ ነው ያልኩት።

ከዚያ ምን እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ቀኝ ትከሻዬን ሰላም እንደሚል ሰው ወደ ፊት አቀረብኩና እሳት እንደነካው ሰው መለስኩት። ግራዬን ሰጠሁ። ደገምኩት። ወንበር ላይ የነበሩት ልጆች ሳቁ። ፊቴ ነደደ።

ሚስተር ዋልተር አልሳቀም። እኔን አየ። ከዚያ አባቴና ጋሽ ታደሰ ወደተቀመጡበት አየ። ስንት ዓመት የእኛ ሰው በሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ የኖረ ሰው ነው፤ ሰላምታችንን በየመንገዱ ሲያይ ኖሯል። ጠዋትም በሩ ላይ አይቷል። እጁን አንስቶ ጨዋታውን አስቆመና ወደ ጉብታው ሄደ።

ያምሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው መስሎኝ ነበር። ቢጠይቀው ኪሩቤል አይ እንደሚል አውቃለሁ። ሚስተር ዋልተር ምንም አልጠየቀም። ፊት ለፊቱ ቆመና በእኛ ወግ ቀኝ ትከሻውን ሰጠው።

ኪሩቤል መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ በአሰልጣኙ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ቀኙን ሊሰጥ ትንሽ ወደ ፊት አለ። መሐል ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ግራውን ሰጠ።

ሚስተር ዋልተር በዚያ በማይዘረጋው ክንዱ ጥቂት አቅፎት ቆየ። ከዚያ ግራ እጁን ዘረጋ። ኪሩቤል ኳሷን መዳፉ ላይ አስቀመጠለትና ከጉብታው ወርዶ ከጨዋታው ወጣ።

"ምን አጠፋ? ልጄ ምን አጠፋ?" እያለ አባቴ ተነስቶ ቆመ።

ስንወጣ ቅድም ማን እንደሆንኩ የጠየቀው ልጅ መጥቶ ኪሩቤልን በእጁ ወደ እኔ እያመለከተ አንድ ነገር ጠየቀው። ኪሩቤል ሳያየኝ "ሺ ኢዝ ማይ ከዝን" አለ። እሱ በአባቴ መኪና ሄደ። እኔ በሜትሮ ብቻዬን ተመለስኩ።

ሐኪም ዘንድ አባቴ፣ ኪሩቤልና እኔ ሄድን። ሐኪሟ የትከሻውን ፎቶ አብርታ ብዙ ተናገረች። የሚተረጉመው ኪሩቤል ነው።

"እረፍት አድርግ አለች" አለ።

"ይህን ሁሉ አውርታ ይህቺው ናት?" አለ አባቴ።

ሐኪሟ በጣቷ ፎቶው ላይ አንዲት ጥቁር መስመር አሳየችው። ኪሩቤል ወደ ፎቶው ጠጋ አለ። "አጥንቴ ገና እያደገ ነው" አለ በመጨረሻ። "የሚያድግበት ቦታ… ሰፍቷል። ብዙ ስለወረወርኩ። ካረፍኩ ይድናል። ከቀጠልኩ ግን ክንዴ በደንብ ላያድግ ይችላል አለች።" ቀጥሎ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ "ሁለት ቲም ላይ ነው የምወረውረው፣ ዳድ" አለ። ይህን ሐኪሟ አላለችም።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ቤት ስንገባ እትዬ ገነት "ወጌሻ ይሽልኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አሉ" ቢሉ "ማንም አይነካውም!" ብሎ ጮኸ። አባቴ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

ክረምቱን ኪሩቤል ኳስ አልነካም። እኔንም አላነጋገረኝም። በኋላ ላስቲኩ ሲፈቀድለት ፓርኪንግ ወርዶ የደረጃው ብረት ላይ ሲያስር በመስኮት አየሁት። መጋረጃውን ይዤ ቆሜ አየዋለሁ። ይስባል፣ ያቆማል፣ ዞር ብሎ ብረቱን ያያል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂት ቀናት አለፉ።

አንድ ምሽት ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ላስቲኩን ይዞ ቆሞ ነበር።

"ያዢልኝ" አለ።

"ብረቱስ?"

"ብረቱ ሲደክመኝ አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ።"

ያዝኩለት። መጀመሪያ ቀን እጄን አልጎተተውም። እየቆየ ግን ጎተተው።

መስከረም ከጠባ በኋላ እንደገና እንዲወረውር ሲፈቀድለት አብሬው ሄድኩ። ሚስተር ዋልተር ሲያየኝ ቀኝ ትከሻውን ወደ እኔ ነቅነቅ አድርጎ ሳቀ። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ጥያቄ አወጣሁት። የታጠፈውን ክንዱን እያሳየሁ "ዋት ሃፕንድ?" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

እሱ ቀስ ብሎ ተናገረ። ኪሩቤል ተረጎመ። "በኔ ዕድሜ እያለ ሲያመው ዝም ብሎ ይወረውር ነበር። ሁሉም ጎበዝ ይሉት ነበር።" ሽማግሌው አንድ ነገር ጨመረ። ኪሩቤል ጫማውን አየ።

"ምን አለ?"

"እኔ እህት አልነበረችኝም አለ።"

ከዚያ ኪሩቤል ወደ ጉብታው መሄድ ሲጀምር መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ። የቡድኑ ልጆች ሁሉ እያዩ ፊት ለፊቴ ቆሞ ቀኝ ትከሻውን ሰጠኝ። እኛ አገር ሴት እንደዚያ ሰላም አትባልም፤ እሱ ያንን አያውቅም፣ ወይም ቢያውቅም ግድ አልሰጠውም። እኔም ቀኜን ሰጠሁት። እንደ ድሮው ገጭ አደረገኝ።

አሁንም ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ስትጠራኝ አሁንም ልቤ ይመታል። ያን ቀን ግን ትከሻዬ እስኪመሽ አመመኝ፤ በባቡሩ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ በእጄ ስነካው፣ ሕመሙ ቶሎ እንዳይለቀኝ እመኝ ነበር።